ከትንሿ ኮሌጅ ዝም ብላችሁ አትጥፉ

ይህን የምጽፈው አሜሪካ ውስጥ ትንሽ የገጠር ከተማ ለሚኖር ሐበሻ ነው። ስጋ ፋብሪካ ለሚሠራ፣ ከከተማው ዳር ያለችውን ኮሌጅ በየቀኑ በመኪና እያለፈ «አንድ ቀን እመዘገባለሁ» ለሚል ሰው። እኔም እንደዚያ እያልኩ አንድ ዓመት ከርሜያለሁ። ተመዝግቤም ጠፍቻለሁ። ተመልሼም ገብቻለሁ። ዛሬ ነርስ ነኝ። መሃል ላይ ያባከንኩትን ጊዜና ገንዘብ ሌላ ሰው እንዳያባክን ብዬ ነው።

የምኖረው ደቡብ ምዕራብ ካንሳስ ነው። በፈረንጆቹ 2015 ዲቪ ደርሶኝ ስመጣ የማውቀው ዘመድ ያለው እዚህ ብቻ ነበር። አገሩ ሜዳ ነው። ነፋሱ አያቋርጥም። ከማድለቢያው የሚነሳው የከብት ሽታ አንዳንድ ቀን ከተማውን ሁሉ ያለብሰዋል። ትልቁ ከተማ ዊቺታ በመኪና ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃል። ሥራ ግን አይጠፋም። በመጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ቢላዋ ተሰጥቶኝ ላይን ላይ፣ ስጋው እያለፈ የሚቆረጥበት መስመር ላይ፣ ቆምኩ።

ኮሌጅዋን መጀመሪያ ሳያት ቁብም አልሰጠኋትም። እኛ ያደግነው ኮሌጅ ማለት ነጥብ ያልመጣለት የሚገባበት ነው እየተባለ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ እልል ይባልለታል። ኮሌጅ የገባ ደግሞ «ምን ያድርግ» ይባልለታል። አብረውኝ የሚሠሩ ሐበሾችም ያው ነበሩ። «እሷ ጋ ምን ይማራል? ገንዘብ ያዝና ዴንቨር ሂድ» ነበር ምክሩ። ዴንቨር የሄደው ሰው ግን የቤት ኪራዩን ለመክፈል ሁለት ሥራ ይይዝና ትምህርቱ እንዳማረው ይቀራል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ቆይቶ ነው። የሕዝብ ነው። በካንሳስ 19 እንዲህ ያሉ ኮሌጆች አሉ። ከበጀታቸው ከፊሉ የሚመጣው ከካውንቲው ነዋሪዎች የንብረት ግብር ነው። ቦርዱንም የሚመርጠው የአካባቢው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ቤት ተከራይታችሁ ስትኖሩም በኪራዩ ውስጥ ለዚች ኮሌጅ የሚሄድ ሳንቲም አለ። የእናንተም ናት። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ የመጀመሪያው የሕዝብ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ጆሊየት፣ ኢሊኖይ ውስጥ የተከፈተው በ1901 ነው፤ ዛሬም ያስተምራል። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ለጨረሰ ሰው በሩ ክፍት ነው። ተወዳድሮ መግባት የለም። ወደ 60 ክሬዲት (የኮርስ መለኪያ ነው) ስትጨርሱ አሶሲየት የሚባለውን የሁለት ዓመት ዲግሪ ትይዛላችሁ። ለአንድ ክሬዲት የሚከፈለው የትልልቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ክላስ ውስጥ ማን እንዳለ ብታዩ ደግሞ ፍርሃታችሁ ይቀላል። ከእርሻ ቤት አንድ ሰዓት ነድቶ የሚመጣ የገበሬ ልጅ አለ። ፉትቦል ሊጫወት ከሩቅ ስቴት የመጣ አለ። እናቷ ከእኔ ጋር ላይን ላይ የምትሠራ የሜክሲኮ ልጅ አለች። ሶማሌ አለ፣ በርማ አለ። የሃምሳ ዓመት ሴትዮም አለች፤ ባሏ ሞቶባት ሙያ ልትማር የመጣች። በእንግሊዝኛው የሚስቅብኝ ሰው እጠብቅ ነበር። አንድም አልገጠመኝም።

አሁን ወደ ስህተቴ ልምጣ።

በ2016 ኦገስት ላይ ተመዘገብኩ። አራት ክላስ፣ 12 ክሬዲት። 12 ክሬዲት የሙሉ ጊዜ ተማሪ ያሰኛል። ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል እርዳታ ክፍያውን ሸፈነልኝ። ለእናቴ ደውዬ «ተማሪ ሆንኩ» አልኳት። አለቀሰች። ጠዋት ክላስ፣ ከሰዓት ፋብሪካ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ወጥቼ አራት ሰዓት እተኛለሁ። ከክላስ በፊት ፓርኪንጉ ላይ መኪናዬ ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ሃያ ደቂቃ እሰርቃለሁ። ከባድ ነበር፤ ግን ይሄድልኝ ነበር። የመጀመሪያው የባዮሎጂ ፈተና ላይ ቢ አግኝቻለሁ።

ኦክቶበር ላይ ሺፍቴ ተቀየረ። ጠዋት ግቢ ተባልኩ። ክላሶቼ ሁሉ ጠዋት ናቸው። ያኔ ምን አደረግሁ? ምንም። ለማንም ሳልናገር ቀረሁ።

ለምን ብትሉኝ ይሉኝታ ነው። አድቫይዘሬ፣ የትምህርት አማካሪዬ ማለት ነው፣ ትልቅ ሴት ናቸው። ሲመዘግቡኝ ሁለት ሰዓት ሙሉ አብረውኝ ተቀምጠው ነበር። «ያን ሁሉ ለፍተውልኝ አልቻልኩም ልበላቸው?» አልኩ። እንግሊዝኛዬም አልበቃኝም። ስሜቴን በአማርኛ አስብና ወደ እንግሊዝኛ ሳመጣው ሰበብ ይመስለኛል። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ሳምንት አለፈ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ መናገሩ ራሱ ከበደኝ። ከኮሌጁ ኢሜይል ይመጣል፤ አልከፍተውም። ወደ ሥራ ስሄድ ኮሌጅዋን ላለማየት መንገዴን ቀየርኩ። አስር ደቂቃ የሚያስረዝም የአፈር መንገድ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በእሱ ተመላለስኩ።

ጃንዋሪ ላይ ደብዳቤ መጣ። አራት ኤፍ። ከሥሩ ደግሞ ወደ 1,200 ዶላር ዕዳ።

ዕዳው ከየት እንደመጣ ያኔ አልገባኝም ነበር። ተጭበረበርኩ ብዬ ነበር። ሕጉ እንዲህ ነው። የፌዴራል እርዳታ ሲሰጣችሁ ሙሉ በሙሉ የእናንተ የሚሆነው ሴሚስተሩን እየተማራችሁት በሄዳችሁ ቁጥር ነው። 60 ከመቶውን ሳታልፉ ካቆማችሁ ያልተማራችሁበት ድርሻ ወደ መንግሥት ይመለሳል። መቼ እንዳቆማችሁ ካልተናገራችሁ ደግሞ ኮሌጁ የሴሚስተሩን አጋማሽ ሊይዝ ይችላል። ኮሌጁ ገንዘቡን ይመልስና እናንተን ይጠይቃል። ዕዳው እስኪከፈል መመዝገብ የለም።

ኦክቶበር ላይ ሄጄ «ዊዝድሮው» የሚለውን፣ ክላስ ማቋረጫውን ቅጽ ብሞላ ኖሮ በኤፍ ፋንታ ደብልዩ ይሆንልኝ ነበር። ደብልዩ አማካይ ውጤትን አይነካም። ከዕዳው ላልድን እችል ነበር፤ ከኤፉ ግን እድን ነበር። አራት ኤፍ አማካይን እንዴት እንደሚጎትት ያየ ያውቀዋል። እኔ ያንን ለመጠገን ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቶብኛል።

ደብዳቤውን ይዤ የሄድኩት ልጣላ ነበር። አድቫይዘሯ በሩ ላይ አዩኝ። ስሜን ጠሩኝ። በትክክል፣ እኛ እንደምንጠራው። ከዚያ «ጠፍተሽ ነበር። ደህና ነሽ?» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያመጣሁት ጠብ ሁሉ ተነነ። ስለ ሺፍቱ ስነግራቸው እስክጨርስ ሰሙኝና «ያኔ መጥተሽ ቢሆን ሁለቱን ክላስ ወደ ማታ እናዞርልሽ ነበር። ሁለቱን ደግሞ ጥለሽ በስድስት ክሬዲት ትቀጥይ ነበር» አሉኝ። የዚያን ቀን አዳሬ እንቅልፍ አልነበረበትም። ዓመት ተኩል ያስከፈለኝ ነገር የአንድ ቀን ንግግር ነበር።

የትንሽ ኮሌጅ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ብትጠፉ ላይታወቅባችሁ ይችላል። እዚህ ክላሱ አስራ አምስት ሰው ነው። ወንበራችሁ ባዶ ሲሆን ያዩታል። ያልከፈትኳቸውን ኢሜይሎች በኋላ ሳያቸው ሦስቱ ከባዮሎጂ መምህሬ ነበሩ። አንዱ «ሥራ ከሆነ ንገሪኝ፤ ላብራቶሪውን ማታ መሥራት ትችያለሽ» ይላል። የፈረጠጥኩት ከተዘረጋ እጅ ነው።

ዕዳውን በወር 100 ዶላር ለመክፈል ተስማማን። አስራ ሁለት ወር። በዚያ ዓመት ግን ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ሥራዬ ጠዋት ስለነበረ ኮሌጁ ማታ ማታ የሚሰጠውን የአዋቂዎች እንግሊዝኛ ገባሁ። ይህ በነጻ ነበር። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አያውቅም። ብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች እንግሊዝኛም፣ ጂኢዲም (ሁለተኛ ደረጃን ላልጨረሰ ሰው ምትክ የሚሆነውን ፈተና) ያስተምራሉ፤ ወይ በነጻ ነው ወይ በትንሽ ክፍያ። ትርፉም ሌላ አለው። ምዝገባ ላይ የምደባ ፈተና አለ። በእንግሊዝኛና በሒሳብ ዝቅ ካላችሁ ለዲግሪው የማይቆጠር የማሟያ ክላስ ልትወስዱ ትችላላችሁ። ገንዘቡም ጊዜውም ይሄዳል። መጀመሪያ ተዘጋጅታችሁ ብትፈተኑ ያንን ትዘላላችሁ። እኔ በሁለተኛው ፈተና እንግሊዝኛውን ዘለልኩት።

ዕዳው አለቀ፤ እርዳታው ግን ተቋርጧል። እርዳታ የሚያገኝ ተማሪ የትምህርት እድገቱ ይታያል። ብዙ ኮሌጆች አማካይ ውጤቱ 2.0 እንዲሆንና ከተመዘገበበት ክሬዲት 67 ከመቶውን እንዲጨርስ ይፈልጋሉ። እኔ ዜሮ ነበርኩ። መፍትሔው ይግባኝ መጻፍ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ አድቫይዘሯ ጋ ወሰድኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ይቅርታ ነበር። ሰነፍ ነኝ፣ አጥፍቻለሁ፣ ማሩኝ። አንብበው እስክሪብቶ አነሱና ሁለት ጥያቄ ብቻ ከላይ ጻፉልኝ። ምን ተፈጠረ? አሁን ምን ተለወጠ? «ይቅርታ አልጠየቅንሽም» አሉ። ፋብሪካው የሰው ኃይል ቢሮ ሄጄ ሺፍቴ የተቀየረበትን ቀን የሚያሳይ ወረቀት አመጣሁ። አሁን የማታ ክላስ እንደምወስድ፣ ሁለት ብቻ እንደምይዝ ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ አልሞላም። ተፈቀደልኝ። ይግባኝ የምትጽፉ ካላችሁ እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች ብቻ መልሱ፤ ማስረጃ አያይዙ።

በ2018 ጃንዋሪ ተመለስኩ።

ስለ ገንዘቡ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ማመልከቻው ፋፍሳ ይባላል። በነጻ ነው። «ሃምሳ ዶላር ስጠኝና ልሙላልህ» የሚል ሰው ካለ እለፉት። ኮሌጁ ቢሮ ውስጥ አብረዋችሁ ተቀምጠው ያስሞሏችኋል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል፤ ዜግነት እስክታገኙ አትጠብቁ። ሌላ ዓይነት ወረቀት ያለው ቢሮውን ይጠይቅ። የፔል ግራንት ጣሪያ ለ2025–26 የትምህርት ዓመት 7,395 ዶላር ነው፤ ብድር አይደለም፤ ከላይ እንዳልኩት ጥላችሁ ካልጠፋችሁ በስተቀር አይመለስም። ቅጹ የሚጠይቀው የሁለት ዓመት በፊቱን የታክስ ገቢ ነው። ስለዚህ ካቻምና ገቢያችሁ ደህና የነበረና ዘንድሮ ሥራ የቆመባችሁ ከሆነ ቅጹ አያውቅም። ቢሮው ሄዳችሁ ወረቀት አሳዩ፤ ሁኔታውን አይተው ማስተካከል ይችላሉ። ዕድሜያችሁ ከ24 በታች ሆኖ ካላገባችሁ በአብዛኛው የወላጅ መረጃ ይጠየቃል፤ ወላጆቻችሁ ኢትዮጵያ ቢሆኑም። ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ወላጅም ይሞላል፤ ገቢው ወደ ዶላር ተቀይሮ ይገባል። ይህን ሰምተው ተስፋ የቆረጡ ልጆች አውቃለሁ። አትቁረጡ፤ ቢሮውን ጠይቁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከልብ ስሙኝ። አገር ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ፔል ግራንት አያገኝም። ዲግሪው ከውጭ አገር ቢሆንም ይቆጠራል። «የለኝም ብዬ ልሙላ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው አለ። በፍጹም። የፌዴራል ሰነድ ነው፤ በኋላ ዜግነት ስትጠይቁ የሚያስጨንቃችሁ ነገር ፊርማችሁን አኑራችሁበት አትሂዱ። ይልቅ ዲግሪውን አስገምግሙት። ማስረጃ የሚገመግሙ ድርጅቶች አሉ፤ ኮሌጁ የትኞቹን እንደሚቀበል ቀድማችሁ ጠይቁ። የአንድ ወዳጄ የአካውንቲንግ ዲግሪ ተገምግሞ ከአብዛኞቹ አጠቃላይ ኮርሶች ነጻ አወጡት። የቀረውን የከፈለለት ፋብሪካው ነው። ለሠራተኛ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ፕሮግራም ነበረው። ማስታወቂያው ምሳ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ጀርባዬን ሰጥቼው ነው ምሳዬን የበላሁት።

ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ካንሳስ ውስጥ «ካንሳስ ፕሮሚስ» የሚባል ስኮላርሺፕ አለ። ለተመረጡ ሙያዎች ነው፤ ነርሲንግም ከነዚህ አንዱ ነው። ከጨረሳችሁ በኋላ ሁለት ዓመት ካንሳስ ኖራችሁ መሥራት አለባችሁ። ካልሠራችሁ ወደ ብድር ይቀየራል። እዚሁ መኖር ለሚያስብ ሰው ጥሩ ነው። ልቡ ሌላ ስቴት ያለ ሰው ግን ከመፈረሙ በፊት ያስብበት።

ገጠር ስለሆነ ብቻ የሚገጥም ችግርም አለ። መጀመሪያ መኪና። አውቶቡስ የለም ማለት ይቻላል። በረዶና ነፋስ ሲመጣ መንገድ ይዘጋል። ስልካችሁ ላይ የኮሌጁን ማስጠንቀቂያ ክፈቱ። ያለ መኪና የምትማሩ ከሆነ የክላስ ጓደኛ አፍሩ። እኔ ለስድስት ወር አንዲት የሶማሌ ልጅ ወስዳኛለች፤ ቤንዚን እየሞላሁላት።

ሁለተኛው የኮርስ ነገር ነው። ትንሽ ኮሌጅ ሁሉንም ኮርስ በየሴሚስተሩ አይከፍትም። ሁለተኛው አናቶሚ (የሰውነት ክፍሎች ትምህርት) እኛ ጋ የሚሰጠው በጸደይ ብቻ ነበር። ያ ካመለጣችሁ ዓመት ትጠብቃላችሁ። ተማሪ ካነሰም ክላሱ ይሰረዛል፤ አንዴ መጀመሪያው ሳምንት ላይ ስታቲስቲክስ ተሰርዞብኛል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀን ከአድቫይዘራችሁ ጋር የሁለት ዓመቱን በሙሉ በወረቀት አስቀምጡ። የትኛው ኮርስ መቼ ብቻ እንደሚሰጥ ጠይቁ። እሱን ቀድማችሁ ያዙ። ሌላውን ዙሪያውን ሙሉት። የእኔ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ተለጥፎ አራት ዓመት ቆይቷል፤ ዘይት ፈሶበት ነበር።

በ2018 በጋ ሲኤንኤ፣ የነርስ ረዳትነት፣ ተማርኩ። ካንሳስ ውስጥ የ90 ሰዓት ኮርስ ነው፤ ከዚያ የስቴት ፈተና አለ። ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት፣ ገባሁ። እውነቱን ልናገር፣ በሰዓት የሚከፈለኝ ከፋብሪካው ቀነሰ። ዘመዶቼ አበድሽ አሉኝ። ግን ቅዳሜና እሑድ ረዥም ሺፍት ሠርቼ የሳምንቱን ቀን ለትምህርት ማድረግ ቻልኩ። እጄም አረፈ። ላይን ላይ ስሠራ ጠዋት ጣቶቼ አልዘረጋ ይሉኝ ነበር፤ ጸጉሬን ማሰር ይቸግረኝ ነበር።

ስለ እጄ ካነሳሁ አይቀር። በ2019 ጸደይ፣ አናቶሚ ላብራቶሪ ውስጥ፣ ለሦስት ለሦስት አድርገው የበግ ልብ ሰጡን። ትንሽ ነው፤ በእፍኝ ይያዛል። የመድኃኒቱ ሽታ ዓይን ያቃጥላል። አብራኝ ያለችው ልጅ ፊቷን አዞረች። ወንዱ ደግሞ ምላጩን እንደ እርሳስ ያዘው። «ልያዘው?» አልኩ። ያን ሴሚስተር ሳልጠየቅ የተናገርኩት ያኔ ነው መሰለኝ። ስቡን ከላይ ገፈፍኩ። ምላጩን ሳልጫን አስገብቼ ከጫፉ ወደ ላይ በአንድ መስመር ከፈትኩት። የግራው ግድግዳ ወፍራም ነው፤ ደሙን ለመላው ሰውነት የሚገፋው እሱ ነውና። የቀኙ ስስ ነው፤ እስከ ሳንባ ብቻ ነው የሚልከው። ቫልቮቹን የያዙት ነጫጭ ክሮች አንድም ሳይበጠሱ ቆመው ታዩ። መምህሩ መጥቶ ዝም ብሎ አየ። ከዚያ ሌሎቹን ቡድኖች ጠራ። «ይህን የት ተማርሽ?» አለኝ። «ስጋ ፋብሪካ» አልኩት። ክላሱ ውስጥ እናቱ ወይም አባቱ እዚያ የማይሠራ ተማሪ ጥቂት ነበር። ማንም አልሳቀም። የሜክሲኮዋ ልጅ «እናቴም እንደዚህ ነው የምትይዘው» አለች። ያን ቀን ደም ቅዳውን ከደም መልሱ የምትለዩት በግድግዳው ውፍረት ነው ብዬ ለአራት ሰው አሳየሁ። በእንግሊዝኛ። ያ ፋብሪካ ትከሻዬን ጎድቶታል፤ እጄን ግን አስተምሮታል።

ነርሲንጉ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ኮሌጁ ክፍት ነው ማለት የነርሲንግ ፕሮግራሙ ክፍት ነው ማለት አይደለም። ለብቻው ማመልከት ያስፈልጋል። ቦታው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም ልምምድ የሚሠራበት ሆስፒታል በአካባቢው ትንሽ ነው። የመግቢያ ፈተና አለ፤ የባዮሎጂና የአናቶሚ ውጤት ይታያል። መጀመሪያ ሳመለክት አልተቀበሉኝም። እነዚያ አራት ኤፎች ናቸው። ባዮሎጂውንና ሒሳቡን ደግሜ ወሰድኩ። ስትደግሙ አዲሱ ውጤት አማካዩ ላይ የድሮውን ይተካ እንደሆነ ኮሌጃችሁን ጠይቁ፤ የእኔ ኮሌጅ ይተካል። በ2020 ገባሁ፤ በወረርሽኙ መሃል። በ2022 ሜይ ጨረስኩ። ከዚያ የፈቃድ ፈተናውን ወሰድኩ። የሁለት ዓመቷ ኮሌጅ ነርስና የአራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ነርስ የሚፈተኑት ያንኑ ፈተና ነው። ፈቃዱም አንድ ነው። «እሷ ጋ ምን ይማራል» ላሉት መልሴ ይኸው ነው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር የምታስቡ ደግሞ የዲግሪውን ስም ተጠንቀቁ። አሶሲየት ኦፍ አርትስና አሶሲየት ኦፍ ሳይንስ ለመሻገር የተሠሩ ናቸው። አፕላይድ ሳይንስ የሚል ያለበት ግን በዋናነት ለሥራ ነው፤ ሲሻገር ክሬዲቱ ሊቀር ይችላል። እንደ ነርሲንግ ያለው ለብቻው መሻገሪያ መንገድ ስላለው ይለያል። ሲመዘገብ ይህን ያልጠየቀ ልጅ ሁለት ዓመት ተምሮ ዩኒቨርሲቲው ግማሹን ብቻ ሲቀበለው አይቻለሁ። በካንሳስ የሕዝብ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ሁሉ የሚቀባበሏቸው ከ100 በላይ ኮርሶች ዝርዝር አለ። ከዚያ ውስጥ ምረጡ። እኔ አሁን ባችለሬን ከፎርት ሄይስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በኦንላይን እየጨረስኩ ነው፤ ከቤቴ ሳልወጣ፣ ከሥራዬ ሳልነሳ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ደወለልኝ። ፋብሪካ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። ቁጥሬን የሰጠው ቤተ ክርስቲያን ያገኘሁት ሰው ነው። በመጀመሪያ «እህቴ፣ እንግሊዝኛዬ ትንሽ ይሻሻል እስኪ» አለኝ። ቀጥሎ «ሺፍቴ ቢቀየርስ?» አለኝ። ሺፍቱ እንደሚቀየር ከአሁኑ ያውቃል ማለት ነው፤ እኔ ይህን እንኳ አላሰብኩም ነበር። ሲመዘገብ አድቫይዘሯን መጀመሪያ የሚጠይቃት ይኼንኑ እንዲሆን ነገርኩት። «ሺፍቴ ቢቀየር ለማን ነው የምናገረው? እስከ መቼ ነው የምችለው?» ብሎ። መልሱን ስልኩ ላይ ይጻፈው። የደብልዩው የመጨረሻ ቀን ካላንደሩ ላይ አለ፤ እሱንም።

ልጁ ማክሰኞ ጠዋት ዕረፍት ነው፤ እኔም ነኝ። ግሪን ካርዱን፣ የ12ኛ ክፍል ማስረጃውንና የታክስ ወረቀቱን በአንድ ፖስታ ይዞ ይመጣል። ዋናው ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ባንዲራው አጠገብ እጠብቀዋለሁ። አድቫይዘሬ የነበሩት ሴትዮ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ወንበራቸው ላይ ያለችው ልጅ ግን በር ክፍት አድርጋ ነው የምትቀመጠው።